የኮሌጅ የሙዚቃ ክበብ ከመግቢያ ፈተና እስከ መድረክ

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ሲካሄድ፣ ኅዳር 29 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲከበር ወይም የሥራ ኃላፊዎች ለጉብኝት ሲመጡ የተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ ወደ መድረክ መጠራቱ የተለመደ ነው። እንግዶች በመርሐ ግብሩ በተያዘው ጊዜ ሙዚቃውን አዳምጠው ወደ ቀጣዩ ንግግር ያልፋሉ። ይሁን እንጂ የዚያ አጭር ዝግጅት ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ከወራት በፊት ክበቡ አዳዲስ አባላቱን በመረጠበት ዕለት ነው።

በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሙዚቃ ቡድን ማደራጀት በኢትዮጵያ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በትውልድ ግብፃዊ የሆኑት የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መመሥረታቸው ይታወቃል። ቡድኑ በኋላ በተስፋዬ ለማ እየተመራ ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሥራዎቹን አቅርቧል። አባላቱ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰባሰቡ የባህል ሙዚቀኞች ስለነበሩ ከተማሪ ክበብ ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይችልም። የገጠመው ጥያቄ ግን የዛሬዎቹ ክበባትም ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በየአካባቢው ለብቻቸው ወይም ከአንድ ድምፃዊ ጋር ይሰሙ የነበሩ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድነት እንዴት ይጫወታሉ የሚለው ነው።

በተለምዶ ኦዲሽን የሚባለው የመግቢያ ፈተና ሊመልስ የሚገባው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ በሰሌዳ ይለጠፋል፤ ተፈታኞች ተመዝግበው የለመዱትን አንድ ዘፈን ያቀርባሉ፤ ጭብጨባ ያገኘውም ያልፋል። በዚህ አሠራር የሚመረጠው በቤተ ክርስቲያን፣ በመንዙማ፣ በሠርግ ቤት ወይም በትምህርት ቤት መድረክ አስቀድሞ የሠለጠነ ተማሪ ነው። የተዘጋጀበትን ዘፈን አሳምሮ መጫወቱ ግን ነገ አዲስ ዜማ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚይዝና ከሌሎች ጋር እንዴት እንደሚስማማ አያመለክትም።

በመሆኑም ከተዘጋጀው ዘፈን ቀጥሎ ተፈታኙ ሰምቶት የማያውቅ አጭር ዜማ ሁለት ጊዜ ተጫውቶለት እንዲመልስ ማድረግ የተሻለ ሚዛን ነው። ሦስተኛው ፈተና ከሌላ ተፈታኝ ጋር በአንድነት ማዜም ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ጓደኛውን ለማዳመጥ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገውን ለይቶ መመዝገብ ይገባል። ተቀባይ ሆኖ አዝማቹን በልኩ የሚይዝ ተማሪ ለክበቡ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ጎልቶ ለመሰማት የሚሻ ግን በየክበቡ ሞልቷል።

የቅኝት ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተመሠረቱ መሆናቸው ይታወቃል። የግማሽ ትዝታና የአምባሰል ድምፆች በአንድ ክራር ላይ ሲታዩ አምስቱም ተመሳሳይ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ዜማው መነሻና ማረፊያ በሚያደርገው ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ ፈታኙ በክራር ሁለቱን በተራ እየጫወተ ዜማውን ሳይጨርስ ቢያቆምና ተፈታኙ ማረፊያውን በድምፁ እንዲያገኝ ቢጠይቅ፣ የጆሮው ብቃት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። የቅኝቶቹን ስም መሸምደድ አያስፈልግም። ስማቸውን ሳያውቅ በትክክል የሚያርፍ የገጠር ልጅ፣ ስማቸውን ዘርዝሮ ከሚሳሳት ተማሪ ቀድሞ ቢመረጥ ፍትሐዊ ነው።

ለመሣሪያ ተጫዋቾችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። ክራር እንደ ድምፃዊው ከፍና ዝቅ ተደርጎ ሊቃኝ ይችላል። ዋሽንት ግን ቀዳዳዎቹ አንዴ ከተበሱ በኋላ ድምፁ የተወሰነ ስለሆነ፣ የለመዱ ተጫዋቾች ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶችን ይይዛሉ። ኪቦርድ በተጨመረበት ቡድን ደግሞ ክራሩና ማሲንቆው ወደ ኪቦርዱ ድምፅ መምጣት ይኖርባቸዋል። ስለሆነም ክራር ይዞ የመጣን ተፈታኝ ክራሩን አላልቶ በተሰጠው ድምፅ እንደገና እንዲቃኝ መጠየቅ ከማንኛውም ዘፈን የበለጠ ያስረዳል።

ወደ መድረክ የሚወስደው መንገድ የበለጠ የሚከብደው በቋንቋ ረገድ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተለያዩ ክልሎች የመጡ ተማሪዎችን ስለሚያስተናግዱ፣ ክበባት በአንድ ዝግጅት የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የወላይትኛ፣ የሲዳምኛና የሌሎች ቋንቋዎች ዘፈኖችን ያቀርባሉ። ቃሉን በድምፅ ብቻ ያጠና ድምፃዊ አንዲት ፊደል ቢያላላ ወይም ቢያጠብቅ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል፤ የቋንቋው ባለቤት የሆነው ታዳሚም ወይ ይስቃል ወይ ያዝናል። አከብርሃለሁ ተብሎ የተጠራ ሕዝብ በዚህ ሁኔታ ወደ ቤቱ መመለሱ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከተማሪዎቹ መካከል ቋንቋውን የሚናገር አንድ ሰው፣ ድምፁ ለዘፈን ባይሆንም እንኳ፣ የክበቡ አባል ሆኖ ልምምዱን ከመጀመሪያው ቀን ይከታተል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ድምፅህ አይሆንም ብሎ መመለስ ፈተናው የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይመስለናል።

ያላለፉትንም በተመለከተ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ዳግም መፈተን እንደሚችሉ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት በድንጋጤ ድምፁ የተዘጋ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ከክበባቱ ውጭ ያለው ድርሻ የኃላፊዎች ነው። የአንድ ዝግጅት ደብዳቤ በዋዜማው ሲደርስ ክበቡ ያለው ምርጫ የታወቀውን ዘፈን መድገም ወይም ያልበሰለውን ማቅረብ ብቻ ይሆናል። አዲስ ዜማ ከውዝዋዜው ጋር ተስማምቶ ለመድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚደረግ የበርካታ ሳምንታት ልምምድ ያስፈልገዋል። ጥሪው በፈተና ሰሞን ሲሆን ደግሞ ተማሪው ከመምህሩና ከመድረኩ መካከል ይቆማል። ስለሆነም የሚጋብዘው ክፍል ደብዳቤውን ለክበቡ ሲጽፍ ለሚመለከተው የትምህርት ክፍል ግልባጭ ማድረጉና ያመለጠው ፈተና የሚካካስበትን ቀን አስቀድሞ ማስወሰኑ ተገቢ ነው።

በዝግጅቱ ዕለትም የሚታይ ነገር አለ። ጠዋት የተቃኘ ክራር፣ ንግግሮች ተራዝመው ሜዳ ላይ ለፀሐይ ሲጋለጥ ቆዳውና ጅማቱ ስለሚለወጥ ቅኝቱን ይለቃል። መድረክ መሪው ክበቡን ከመጥራቱ በፊት ሦስት ደቂቃ ቢሰጥና ተጫዋቾቹ ከመድረኩ ጀርባ በጥላ ሥር እንደገና ቢቃኙ፣ ታዳሚው የሚሰማው ሙዚቃ ተማሪዎቹ በልምምድ ያዘጋጁት ይሆናል።