ዓሣ አያልቅም? የገዢው ተረትና እውነታ

በመቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ አካባቢ ለጾም ዓሣ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። የት፣ መቼና በስንት ዕድሜው ተጠመደ የሚለውን ግን እምብዛም አያነሳም። ከተማዋ ዓሣ የምታገኘው በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀው የተከዜ ግድብና እንደ ሐሸንጌ ካሉ ሐይቆች ነው። እነዚህ ውኃዎች ደግሞ ልክ አላቸው።

ተረት፦ «ዓሣ በሺህ ስለሚፈለፈል አያልቅም።»
እውነታ፦ የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እሷ ከተጠመደች እነሱም ያልቃሉ። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ የሚባሉት ዝርያዎች ደግሞ የባሰ ደርሶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች መጠን 75 በመቶ ያህል አሽቆልቁሏል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም።

ተረት፦ «ክረምት ላይ በገፍ ስለሚያዝ ያኔ መብላት አይጎዳም።»
እውነታ፦ በገፍ የሚያዘው በአንድ ቦታ ስለተሰበሰበ እንጂ ስለበዛ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ጣና ገባሮቹ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ መረብ መግቢያው ላይ ይጠብቀዋል። የፍልሰታ ጾም እዚሁ መሃል ይወድቃል። በእነዚህ ሳምንታት ነጭ ዓሣን ትቶ ሽሮና ምስር ማብዛት ብዙ እንቁላል ያተርፋል።

ተረት፦ «ትንሽ ዓሣ ርካሽ ነው፤ ሥጋውም ይለሰልሳል።»
እውነታ፦ ትንሹ ብዙውን ጊዜ አንድም ጊዜ ሳይራባ የተያዘ ነው። ፊሌቶ ሆኖ ከቀረበ ደግሞ መጠኑ አይለይም። ስለዚህ ሙሉውን አይቶ ማስቆረጥ ይሻላል፤ ዓይኑ የጠራና ስንጥቡ ቀይ መሆኑም ያኔ ይታያል።

ተረት፦ «ዓሣ ማለት ቆሮሶ ነው።»
እውነታ፦ ሁሉም ቆሮሶ ካለ ጫናው በአንድ ዝርያ ላይ ይወድቃል። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በሃይማኖቱ የማይከለከል ሰው አልፎ አልፎ አምባዛ ቢገዛ ሸክሙ ይከፋፈላል።

ተረት፦ «ጥበቃው የመንግሥት ሥራ ነው።»
እውነታ፦ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሆኖም ተቆጣጣሪ በየዳርቻው ሊቆም አይችልም። ነጋዴው ግን የማይሸጥለትን ዓሣ ደግሞ አይጭንም፤ አጥማጁም ገዢ ላጣ ጫጩት ጠባብ መረብ አይዘረጋም። ስለዚህ ዓሣ ሻጩን «ከየት ነው? ትልቅ የለህም?» ብሎ መጠየቅ ከገዢው የሚጠበቅ ድርሻ ነው።