የዜማ ተማሪ ትምህርቱ ሲዘገይ ለመምህሩ የሚናገርበት አኳኋን

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የዜማ ተማሪን ከብርዱና ከቍራሹ ማነስ ይልቅ የሚያስጨንቀው፥ ትምህርቱ አልሄድ ሲለው ይህንኑ ለመምህሩ መንገር ነው። ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመጣነው ለእኛ ነገሩ ቀላል ይመስለናል፤ ያልገባው እጁን ያወጣል፣ የዘገየውም በፈተና ነጥቡ ይታወቃል። በዜማ ቤት ግን ነጥብ የለም። የኔታ የተማሪውን ድምፅ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ያልያዘውንም «ድገም» ይሉታል። ልጁ መዘግየቱን የሚያውቀው ከእርሱ በኋላ የመጡት ሲያልፉት ነው።

ችግሩ፥ «አልገባኝም» ማለት «አላስተማሩኝም» ከማለት ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ለአንድ አንጋፋ ተማሪ ያዋየዋል፤ አንጋፋውም ምሽት፣ ተማሪው ሁሉ ከልመና ተመልሶ የየኔታ እግር ሲታጠብ፣ ነገሩን ያነሣል። ልጁ ራሱ ሲናገር ጥፋቱን ወደ ራሱ አድርጎ ነው፤ «የኔታ፣ ልቤ ደንድኖ አስቸገርሁዎ» ይላል። ይኸ ባዶ ትሕትና አይምሰለን። ጥፋቱ በእርሱ ላይ ስለ ዋለ፣ መምህሩ ክብራቸው ሳይነካ የትምህርቱን መንገድ ለመለወጥ ይችላሉ። (ይህን ከመናገር ይልቅ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ አብሾ የሚጠጣም አለ፤ ጠጥቶ አእምሮው የተናወጠውን ግን ማንም አይቀናበትም።)

መምህሩ ከዚያ በኋላ የሚመረምሩት የመዘግየቱን ሥር ነው። ብዙ ጊዜ ልጁ የደከመው አሁን በያዘው በድጓው ሳይሆን ከዚያ በፊት በተማረው ነው። ይኸውም በምልክቱ ጠባይ ምክንያት ነው። ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዝማች ጌራና በአዝማች ራጉኤል እንደ ተደረሰ በትውፊት ይነገራል። ከይዘት፣ ከደረት፣ ከርክርክና ከመሳሰሉት የቅርጽ ምልክቶች ሌላ፣ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚቀመጡ ፊደሎች አሉ። አንዱ ፊደል እንደ አውሮፓ ኖታ የአንድ ድምፅን ከፍታ አያመለክትም፤ ከታወቀ ቃል የተቀነሰ ሆኖ የዚያን ቃል ዜማ በሙሉ ያስታውሳል። እንግዲህ ያን ዜማ በቃሉ ያልያዘ ልጅ ፊደሉን ቢያነብም የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን ድጓ ቢገልጥ አይዘልቀውም።

መድኃኒቱ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ወደ ጾመ ድጓ፣ ወደ ምዕራፍ፣ አንዳንዴም ወደ ውዳሴ ማርያም ዜማ። ለጐልማሳ ተማሪ ይኸ መራራ ነው፤ ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ያዜማል። መምህሩም የሚያጽናኑት በያሬድ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረ የሚነገርለት ያሬድ፣ በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ ትምህርት እንቢ ብሎት፣ ተገርፎ ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አይቶ፣ ተመልሶ አጎቱን ይቅርታ ለመነ። ዛሬ ፒያኖና ክራር የሚማሩበት የአዲስ አበባው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚጠራው በዚሁ ትምህርት እንቢ ብሎት በነበረው ልጅ ስም ነው።

መመለሱን የማይወድ ተማሪ ሌላ ደብር ይፈልጋል። መምህር መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው፣ ተጉለትም ለመንዝ ጎረቤት ነው። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። አንዱ ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ሌላው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ በሌሊት ይወጣል፤ ይኸኛው ከአዲሱ መምህር ፊት ሲቆም የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን ዘንድ ተማርህ?» የሚል ነው።