«ካናቢዲዮል» እና የፈረስ «ውጥረት»

ካናቢዲዮል ከካናቢስ ተክል የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በአሜሪካ አንዳንድ የፈረስ ባለቤቶች እንስሳቸውን ያረጋጋልናል በማለት ይሰጡታል። ተርጓሚ «አደንዛዥ ዕፅ» ቢለው ይስታል፤ የሚያሰክረው ሌላው የተክሉ ንጥረ ነገር፣ ቴትራሃይድሮካናቢኖል ነውና። ስለዚህ ስሙን እንዳለ ወስደን፣ የሚሰጥበትን ዓላማ «ማረጋጋት» ብለነዋል።

ለፈረሱ ሁኔታ «ጭንቀት» የሚለው ቃል አላረካንም፤ የሰውን የልብ ሐሳብ ያመጣል። «መደንበር» እና «መበርገግ» ለፈረስ የተሰፉ ያህል ያማሩ ቃላት ቢሆኑም፣ የሚገልጡት የቅጽበት ድርጊትን ነው። ከረጅም ጉዞ ወይም ጋጣ ውስጥ ተዘግቶ ከመዋል የሚመጣውን፣ በሰውነት ውስጥ የሚሰነብተውን ሁኔታ ግን «ውጥረት» ብለናል።

«የሚያረጋጋ» ማለት «የተፈቀደ» ማለት እንዳይመስል የውድድር ደንብ ተርጓሚዎች ይጠንቀቁ፤ ካናቢዲዮል እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰው ስፖርተኞች የክልከላ ዝርዝር ቢወጣም፣ የአሜሪካ የፈረሰኝነት ፌዴሬሽን በ2019 ለተወዳዳሪ ፈረሶች ከልክሎታል።