ከካርቡራተር ወደ ኢንጀክሽን፦ አሮጌዋን ቮልስ በአዲስ ዕቃ ስለ ማደስ

ሁላችንም በቁልምጫ «ቮልስ» የምንላት ጀርባዋ ጎበጥ ያለች ቮልስዋገን በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች ዛሬም ስትጓዝ ትታያለች። ሥራዋ ግን ከቆመ ሰነባብቷል። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች፤ እስከዚያች ዕለት ድረስ በዓለም የተሠሩት 21,529,464 ናቸው። እንግዲህ አሁን በእጃችን ያሉት ሁሉ አሮጌዎች ናቸው ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖና አድሶ የማቆየቱ ነገር ይበልጥ የሚታሰብበት ሆኗል።

ታዲያ አንዳንዱ ሰው «ካርቡራተሩን አውጥቶ የዘመኑን ኢንጀክሽን ማስገባት ይቻላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ «የአባቶቻችን መኪና እንዳለች ትቆይ፣ ኮምፒዩተር ምን ይሠራላታል!» ይላል። እኛ በበኩላችን መልሱ «ይቻላል» መሆኑን ከመግለጽ አልፈን፣ ለምን እንደሚጠቅምና አደጋው የት ላይ እንደሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ ከጋራዥ ሥራነቱ ባሻገር የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ስለሆነ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ገብቶ ለሚያስተምር እጩ መምህር ስንቅ ይሆነዋል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ካርቡራተር ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ያልፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር በዚያ ቦታ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ይኸ የቤርኑሊ ሕግ የሚባለው ነው። ግፊቱ በመቀነሱ ቤንዚኑ ከትንሿ ገንዳ በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው፤ እንዲያው በአየር ኃይል ብቻ የሚሠራ፣ በእውነቱ የሚደነቅ ዕቃ ነው።

ችግሩ ካርቡራተር አየሩን አለመመዘኑ ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ይህ የክብደት ሂሳብ እንጂ የሊትር ሂሳብ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 75 በመቶ ብቻ ነው። ሙቀቱ እኩል ከሆነ አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ክብደትም በዚያው ልክ ሩብ ያህል ይጎድላል። በካርቡራተሩ ቀዳዳ የሚወጣው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በአየሩ እፍግታ ስኩዌር ሩት ነው። የ0.75 ስኩዌር ሩት 0.87 ያህል ነው። ይህም ማለት ለባሕር ዳርቻ በ14.7 የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ሲመጣ ድብልቁ ወደ 12.7 ይወርዳል፤ በሌላ አነጋገር ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ባለ መኪናው ደግሞ «ቤንዚን ትጠጣለች» እያለ ያማርራል።

«ታዲያ ቀዳዳውን ማጥበብ ነዋ!» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ጎበዝ መካኒክ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ለአዲስ አበባ ተብሎ የጠበበው ቀዳዳ መኪናዋ ወደ ቆላ ስትወርድ ምን ይሆናል? አዋሽ ከተማ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሙቀቱን ልዩነት ትተን በግፊቱ ብቻ ብናሰላው፣ በአዲስ አበባ 14.7 የነበረው ድብልቅ አዋሽ ሲደርስ ወደ 16 ይጠጋል፤ ቤንዚኑ ያንሳል ማለት ነው። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ በከባድ ጭነት ጊዜ ሞተሩን ያግላል። የቮልስ ሞተር ውሃ የሌለው፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ይህን ዓይነቱን ግለት አይችልም። በቆላ ፀሐይ፣ አራት ሰውና ዕቃ ተጭኖ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ረጅም መንገድ ሲኬድ ፒስተን እስከ መብሳት የሚያደርስ ነገር ነው። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ሙቀቱን የሚያሳይ ሰዓት በፋብሪካው አልተደረገለትምና ነጂው ነገሩን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ኢንጀክሽን ለዚህ ችግር የተሠራ መልስ ነው። ለቮልስዋገን ደግሞ እንግዳ አይደለም። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚታዘዝ ኢንጀክሽንን በብዛት ለገበያ ካቀረቡት የመጀመሪያዋ ራሷ የቮልስዋገን መኪና ነበረች፤ ቦሽ የሠራው ዲ-ጄትሮኒክ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ቮልስዋገን 1600 ላይ ተገጠመ። «ዲ» የተባለው ድሩክ ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ግፊት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የምትላከው ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1975 ኤል-ጄትሮኒክ ተደረገላት፤ «ኤል» ሉፍት፣ ማለትም አየር ነው። በሜክሲኮ የተሠሩትም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ኢንጀክሽን ነበራቸው። ስለሆነም «የጥንቷን መልክ ማበላሸት ነው» የሚለው ክርክር ያን ያህል ውሃ የሚያነሣ አይመስለንም።

አሠራሩን በሂሳብ እንየው። የ1600 ቮልስ ሞተር 1,584 ሲሲ ነው፤ ለአራት ሲካፈል አንዱ ሲሊንደር 396 ሲሲ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት በአንድ ሴንሰር፣ የአየሩን ሙቀት በሌላ ሴንሰር ያነባል። በአዲስ አበባ ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ግፊቱ 75 ኪሎ ፓስካል፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ፣ ማለትም 300 ኬልቪን ነው እንበል። ሁላችንም የምናውቀውን የጋዝ ሕግ ስንጠቀም 396 ሲሲው ውስጥ 0.345 ግራም አየር ይገባል። ሲሊንደሩ በተግባር እስከ አፉ አይሞላምና 80 በመቶውን ብንወስድ 0.276 ግራም ይሆናል። ይህንን ለ14.7 ስናካፍለው 18.8 ሚሊ ግራም ቤንዚን እናገኛለን። ኢንጀክተሩ በደቂቃ 200 ሲሲ የሚረጭ ከሆነ፣ የቤንዚኑ ክብደት በሲሲ 0.74 ግራም ሲሆን፣ በሰከንድ 2.47 ግራም ያፈሳል። ስለዚህ 18.8 ሚሊ ግራሙን ለመርጨት 7.6 ሚሊ ሰከንድ ክፍት መሆን አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር በሚዞርበት ጊዜ አንዱ ሲሊንደር ቤንዚን የሚፈልገው በየ30 ሚሊ ሰከንዱ ነውና ጊዜው ይበቃል። (ሙሉ ኃይል ሲፈለግ ድብልቁ ከ14.7 ወረድ እንዲል ይደረጋል፤ እዚህ ለሂሳቡ ቅለት ብለን ነው የተውነው።)

አዋሽ ሲደረስ ሴንሰሩ 90 ኪሎ ፓስካል ያነባል፤ ኮምፒዩተሩም ኢንጀክተሩን በዚያው ልክ አቆይቶ ይከፍታል። ማንም ወርዶ ቡሎን መፍታት አያስፈልገውም። ከዚህም ሌላ በጭስ መውጫው ላይ የሚተከለው የኦክሲጅን ሴንሰር ድብልቁ በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ እየነገረው ስሕተቱን ያርማል። ለክፍል ትምህርት «ፊድባክ» ለሚባለው ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

እስከዚህ ያለው ደስ የሚለው ወገን ነው። አሁን ወደ አስጊው እንምጣ።

የጥንቷ ቮልስ የቤንዚን ፓምፕ የሚገፋው በ0.2 ወይም 0.3 ባር ግፊት ነው። ኢንጀክሽን የሚፈልገው ከ2.5 እስከ 3 ባር፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። የቤንዚን ታንኳ ከፊት፣ በሰው እግር አጠገብ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ የመኪናዋን ርዝመት በሙሉ አቋርጦ ይሄዳል ማለት ነው። ለ0.3 ባር የተሠራ፣ ዕድሜ የሰነጣጠቀው ጎማ ላይ 3 ባር ሲጫንበት በቀጭኑ ይረጫል፤ የሚረጭበት ቦታ ደግሞ የጋለ ሞተር ነው። «ጎማው ደህና ይመስላል» ብሎ አሮጌውን መተው ቤትን ከነልጅ እንደ ማቃጠል ነው። ስለሆነም ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ አዲስ ጎማና እሱን የሚመጥን ማሰሪያ ከታንኩ እስከ ሞተሩ ድረስ መግባት አለበት። የተረፈው ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመለስበት ሁለተኛ ቧንቧም ይዘረጋል። ታንኩ ውስጥ ዝገት ካለ ተወልውሎ ይጸዳል፤ አለበለዚያ ማጣሪያው በሳምንቱ ይደፈናል።

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው ስለ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ነው። ሥራ ለማቅለል ሲባል ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ማገናኘት ትልቅ ጥፋት ነው። ግጭት ደርሶ ሞተሩ ቢቆም፣ ቁልፉ እንደተከፈተ ስለሚቀር ፓምፑ በተቀደደው ቧንቧ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ነጂው ራሱን ስቶ ከሆነ ማን ያጠፋዋል? ፓምፑ በኮምፒዩተሩ በሚታዘዝ ሪሌ በኩል መሄድ አለበት፤ ሞተሩ መዞሩን ባቆመ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ይዘጋዋል። በግጭት ጊዜ ራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም ቢጨመር ዋጋው ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ኤሌክትሪክ ከተነሣ፣ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ቮልሶች በአመዛኙ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ መጀመሪያ ወደ 12 ቮልት መለወጥ አለባቸው። የጥንቱ የካንዴላ ሽቦ የሚያሰማው የኤሌክትሪክ ረብሻ ኮምፒዩተሩን ስለሚያሳስት ረብሻውን የሚያፍን ሽቦና ካንዴላ ይደረጋል። ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በፑሌጃው ላይ በሚታሰር ጥርሳም መንኰራኩር ነው፤ ይህ ትንሽ ከተወላገደ ሞተሩ ሲያስነጥስ ይውላል። ውሃ ስለሌለም የሙቀት ሴንሰሩ የሚታሰረው ሲሊንደሩ ራስ ላይ ነው፤ ለነጂው የሚታይ ሰዓትም በዚያው አጋጣሚ ቢደረግ መልካም ነው።

ከሞተር ወደ ጎማ ኃይል ስለሚያስተላልፈው ክፍል ደግሞ ጥቂት እንበል። አንዳንዶች የሱባሩ ሞተር በማጣመሪያ ብረት ከቮልስ ካምቢዮ ጋር ያገናኛሉ። ሁለቱም ሲሊንደሮቻቸው በጎን የተኙ ስለሆኑ በመጠን ይስማማሉ። ነገር ግን የሱባሩው በውሃ የሚቀዘቅዝ ነውና ራዲያተር ይፈልጋል፤ ኃይሉም ከቮልሱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያንን ኃይል 180 ወይም 200 ሚሊ ሜትር የሆነው የጥንቱ ፍሪሲዮን አይሸከመውም፤ ይንሸራተታል። ፍሪሲዮኑ ሲጠነክር ተራው የካምቢዮው ጥርስ ይሆናል። ካምቢዮው ሲጠነክር አክስሉ ይመጣል። የጥንቶቹ ቮልሶች የኋላ አክስል ከውስጥ በኩል ብቻ የሚታጠፍ ስለሆነ በፍጥነት ኩርባ ሲዞር የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ሊታጠፍና መኪናዋን ሊገለብጣት ይችላል፤ በኋላ የተሠሩት ሁለት ቦታ የሚታጠፍ የተደረገላቸው በከንቱ አይደለም። ፍሬኑም ለ40 እና ለ50 ፈረስ ጉልበት የታሰበ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ስለሚለወጥም ጣጣው ወደ ቢሮ ይሻገራል። እኛን ብትጠይቁን፣ ሞተሩ የራሷ ሆኖ ኢንጀክሽን ብቻ ቢገባላት ይበቃል ባዮች ነን።

አንድ ክርክር ግን በቀላሉ አይታለፍም። ካርቡራተር የትኛውም ወረዳ ቢበላሽ ጠመንዝና ንጹሕ ጨርቅ ያለው ሰው ያክመዋል። የኢንጀክሽኑ ኮምፒዩተር ሲታመም ላፕቶፕ የያዘና ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሩቅ ገጠር ተመድቦ የሚያስተምር መምህር መኪናው ለታመመች ሚስቱ አምቡላንስ፣ ለፈተና ወረቀት ማመላለሻ ልትሆን ትችላለችና ይህን ማሰብ ይገባዋል። ስለዚህ የሚወጣው ካርቡራተር፣ የአየር ቱቦውና የጥንቱ ፓምፕ አይሸጡ፤ በዘይት ተቀብተው በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡ። መለዋወጫ ሪሌና አንድ ትርፍ የሞተር ዙር ሴንሰር ደግሞ ከመኪናዋ አይለዩ፤ መንገድ ላይ የሚያስቀሩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። የሽቦው ሥዕላዊ መግለጫም በአማርኛ ተጽፎ ኮፈኑ ውስጥ ቢለጠፍ፣ ሥራውን ያልሠራው መካኒክ መነሻ ያገኛል።

ሥራው አልቆ ሞተሩን ለማስነሣት ሲታሰብ መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ሳይቀጣጠሉ ፓምፑ ብቻ ይሠራ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም፤ ሌላው ከታንኩ እስከ ኢንጀክተሩ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ወረቀት እየጠረገ ይመልከት። ወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከራሰ ፓምፑ ይጥፋ፣ ማሰሪያው ይፈታና እንደገና ይታሰር። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ሞተሩ ይነሣ። የመጀመሪያው ጉዞ ከከተማ ሳይወጣ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ደብረ ዘይት፣ አዳማ፣ አዋሽ እያሉ ቀስ በቀስ መውረድና በየደረሱበት የሲሊንደር ራሱን ሙቀትና የድብልቁን ንባብ ደብተር ላይ መመዝገብ ይቻላል።