ችግኟን ማን ያጠጣታል?

እኅቴ ሆይ! በክረምት ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦችሽ ጋር የተከልሻትን ችግኝ ከዚያ ወዲህ ጎብኝተሻታል? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። መትከሉስ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጭንቁ ማሳደጉ ላይ ነው።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሴቱም ወንዱም ድንጋይ እየተሸከመ እርከን ይሠራል፤ የተራቆተው ተራራም ከከብት ንክኪ ይከለላል። ፍየልና በግ ግን የቤቱ ጥሪት ናቸውና አይራቡም። ስለዚህ ሣሩ ታጭዶ ወደ ደጅ ይመጣል። ሸክሙ በማን ጀርባ እንደሚመጣ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ በስብሰባ ላይ ሲነሣ ግን እምብዛም አይሰማም። ቁጥቋጦው ሲያገግም ንቡ አበባ ያገኛል፤ ማሩም ለደብተር መግዣ ይሆናል።

አንቺም በበጋው እሑድ እሑድ ልጆችሽን ይዘሽ ውረጂ። አትክልት ያጠብሽበት ውኃ ለችግኟ ይበቃታል።