ረጅም ሠንጠረዥ ገጽ ሲሻገር

ሠንጠረዥ ከአንድ ገጽ በማይበልጥበት ጊዜ ንባቡ ቀላል ነው። አንባቢው ቁጥሩን ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ የዓምዱን ስም ያነባል፤ ቁጥሩም ወዲያውኑ ትርጉም ያገኛል። ሠንጠረዡ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ገጽ ሲሻገር ግን በቁጥሩና በስሙ መካከል ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የዝናብ መጠን መዝገብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ አባሪ ያዘጋጀ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምንነት፣ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን መንገድና ተጠቃሚው ሊወስዳቸው የሚገቡ እርምጃዎችን እንመለከታለን።

ባለ 532 ረድፍ ምሳሌ

በባሕረ ሐሳብ ስሌት 19 ዓመት ንዑስ ቀመር፣ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ 532 ዓመት ደግሞ ዐቢይ ቀመር ይባላል። 532 የ19 እና የ28 ብዜት ሲሆን፣ 19ኙ የጨረቃን፣ 28ቱ የፀሐይን ዑደት ይወክላሉ። እንግዲህ አንድ ተማሪ የአንድን ዐቢይ ቀመር ሠንጠረዥ በኮምፒዩተር ለመጻፍ ተነሣ እንበል። ዓምዶቹ ዓመተ ምሕረት፣ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕና ጾመ ነነዌ ናቸው። የእያንዳንዱ ረድፍ ቁመት 0.6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ኤ4 ገጽ ከላይና ከታች 2.54 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ተትቶለት የዓምዶቹን ስም የያዘውን ረድፍና 38 የመረጃ ረድፎችን በምቾት ይይዛል። 532 ለ38 ሲካፈል 14 ስለሚሆን ሠንጠረዡ 14 ገጽ ይፈጃል። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ንዑስ ቀመር፣ ሁለት ገጽ ደግሞ አንድ ማዕከላዊ ቀመር ይይዛል ማለት ነው።

ሠንጠረዡ ከ1949 ዓ.ም. ቢጀምር 2000 ዓ.ም. 52ኛው ረድፍ ላይ፣ ማለትም በሁለተኛው ገጽ ይውላል። የዚህ ዓመት ወንበር 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ነው። መጥቅዕ ከ14 በታች ሲሆን በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ከ14 በላይ ሲሆን ደግሞ በመስከረም ይውላል። ስለዚህ በዓሉ ጥቅምት 7 ቀን ሐሙስ ነበር፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ሲደመርበት መባጃ ሐመሩ 10፣ ጾመ ነነዌም የካቲት 10 ይሆናል። በሁለተኛው ገጽ አናት የዓምዶቹ ስሞች ባይኖሩና አንባቢው 23ን መጥቅዕ ነው ብሎ ቢወስድስ? በዓለ መጥቅዕን መስከረም 23 ያደርገዋል፤ ይህም ቀን ሐሙስ ስለሆነ 23 እና 3 ተደምረው ጾመ ነነዌን ጥር 26 ላይ ያውሉታል። ስሌቱ በራሱ አንዳች ግድፈት ሳይኖርበት ጾሙም ትንሣኤውም በ14 ቀናት ይቀድማሉ። ሁለቱም ቁጥሮች ከ30 የማይበልጡ ስለሆኑ ስሕተቱን የሚያጋልጥ ምልክት በገጹ ላይ አይገኝም።

በእጅ መድገም የሚያስከትለው ጣጣ

ብዙዎች በቅድሚያ የሚመጣላቸው መፍትሔ የዓምዶቹን ስሞች በየገጹ አናት መልሶ መጻፍ ነው። በምሳሌያችን ይህ 13 ጊዜ ይደገማል። ሥራው አድካሚ ከመሆኑም በላይ ጉዳት አለው። በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ የተዘነጋ ረድፍ ቢጨመር የገጹ የመጨረሻ ረድፍ ወደ አራተኛው ገጽ አናት ይወርዳል፤ በእጅ የተጻፈው ርእስም ሁለተኛ ረድፍ ይሆናል። ይኸው መንሸራተት እስከ መጨረሻው ገጽ ይቀጥላል። ሠንጠረዡ በቅደም ተከተል እንዲደረደር ቢታዘዝ ደግሞ 13ቱ ርእሶች ከመረጃው ጋር ይደባለቃሉ፤ ፕሮግራሙ እንደ ማንኛውም ረድፍ ይቆጥራቸዋልና።

ትክክለኛው አሠራር

በማይክሮሶፍት ዎርድ የመጀመሪያው ረድፍ ተመርጦ ከሠንጠረዡ «ሌይአውት» ክፍል «ሪፒት ሄደር ሮውስ» የሚለው ትእዛዝ ይሰጣል። ርእሱ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ከሆነ ሁሉም አብረው ይመረጣሉ፤ ምርጫው ግን የመጀመሪያውን ረድፍ የግድ መጨመር አለበት። በሊብሬኦፊስ ራይተር ተመሳሳዩ ምርጫ በሠንጠረዡ ባሕርያት ውስጥ «ቴክስት ፍሎው» በሚለው ገጽ ይገኛል፤ የሚደገሙት ረድፎች ብዛትም በቁጥር ይሞላል። በላቴክ ለሚጽፉ የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ የተለመደው «ታቡላር» ገጽ መሻገር ስለማይችል «ሎንግቴብል» የተባለው ጥቅል ያስፈልጋል።

ትእዛዙ ተሰጥቶ ርእሱ ካልተደገመ ሁለት ነገሮችን መመርመር ይበጃል። አንደኛው በሠንጠረዡ መካከል በእጅ የገባ የገጽ መቁረጫ ነው፤ ዎርድ ርእሱን የሚደግመው ራሱ በሚቆርጠው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ በሠንጠረዡ ዙሪያ እንዲፈስ የሚያደርገው ምርጫ ነው፤ ይህ መነሣት አለበት።

የማስታወሻ ዓምድ ተጨምሮ አንዳንድ ረድፎች አራትና አምስት መስመር ሲኖራቸው ሌላ ችግር ይከተላል፤ ረድፉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በአንድ ገጽ ግርጌ፣ ግማሹ በሚቀጥለው አናት ይቀራል። ይህን ለመከላከል ረድፍ ገጽ እንዲሻገር የሚፈቅደውን ምርጫ ማጥፋት ይበቃል። የረድፍ ቁመትም «ቢያንስ» ተብሎ እንጂ «በትክክል» ተብሎ ባይወሰን ይመረጣል፤ አለበለዚያ ከተወሰነው ቁመት የተረፈው ጽሑፍ ተቆርጦ ከዓይን ይሰወራል።

ፕሮግራሙ ምን ይሠራል?

ፕሮግራሙ የገጹን ቁመት ይለካል፤ ረድፎቹን በተራ እየደረደረ ከቀሪው ቁመት ይቀንሳል። ቀጣዩ ረድፍ የማይበቃው ሲሆን አዲስ ገጽ ይከፍታል፤ ከዚያም በቅድሚያ የርእሱን ቁመት ቀንሶ ይቀጥላል። በ14ቱ ገጾች ላይ የምናያቸው ርእሶች በሰነዱ ውስጥ 14 ጊዜ የተጻፉ አይደሉም። በፋይሉ ውስጥ ያለው አንድ ረድፍና «ይህ ርእስ ነው» የምትል አንዲት አጭር ምልክት ብቻ ናት። ረድፍ ቢጨመር ወይም ቢሠረዝ ርእሱ ከቦታው የማይናወጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ረድፍ በረድፍ መደርደር ቀላል ነው፤ ገጽን በአጠቃላይ በምርጥ ሁኔታ መከፋፈል ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ማይክል ፕላስ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ሥዕሎችንና ሠንጠረዦችን ከተጠቀሱበት ቦታ አቅራቢያ በየገጹ መደልደል እንደ መመዘኛው እንደሚለያይ አሳይቷል። በአንዳንድ መመዘኛ ችግሩ በፍጥነት ይፈታል፤ በሌላው ግን ኤንፒ ምሉዕ ከሚባሉት፣ ማለትም መጠናቸው ሲያድግ ፈጣን መፍቻ ካልተገኘላቸው ችግሮች ወገን ይሆናል።

የገጹ አከፋፈል ከፊደል ቅርጽ ጋርም የተያያዘ ነው። ሰነዱ የተጻፈበት የግእዝ ፊደል ቅርጽ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ካልተጫነ ፕሮግራሙ ሌላ ይተካል፤ የመስመሩም ቁመት ሊለወጥ ይችላል። በገጽ 38 የነበረው ረድፍ ወደ 36 ቢቀንስ 14ቱ ገጾች 15 ይሆናሉ፤ ንዑስ ቀመሮቹም በየገጹ መካከል ይቆረጣሉ። ስለሆነም የተጠናቀቀን ሰነድ ለኅትመት ሲሰጡ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ይገባል።

ለዓይነ ስውራን አንባብያንም

የርእስ ምልክቱ ጥቅም በወረቀት ላይ አያበቃም። ዓይነ ስውራን የሚገለገሉባቸው የስክሪን አንባቢ ፕሮግራሞች በዚህ ምልክት እየተመሩ ከቁጥሩ ጋር የዓምዱን ስም ማንበብ ይችላሉ። ርእሱ በደማቅ ፊደል ብቻ የተለየ ከሆነ ግን ለእነርሱ ከሌሎቹ ረድፎች ልዩነት የለውም። ስለዚህ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ተማሪ የመጀመሪያውን ረድፍ ርእስ አድርጎ መሰየምን ከሥራው መጀመሪያ ቢለምደው፣ ከጥቂት ሰከንድ ድካም የማይበልጥ ዋጋ ከፍሎ አንባቢውን ከትልቅ ስሕተት ያድናል።