የዚንክ ለውጦች በእኩልታ አጻጻፍና አመዛዘን

በከፋ ዞን፣ የቡና መገኛ እንደ ሆነች በሚነገርላትና ዝናም በሚበዛባት በማንኪራ፣ በሣር ክዳን ፈንታ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ዝገትን ሲሆን፣ ብረቱን ከዚህ ጠላት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ የመለበጥን ጥበብ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 በስሙ አስመዝግቧል።

የዚህን ልባጥ ጠባይ በእኩልታ ለመጻፍ የሚሻ ሁሉ፣ ሌላው ፈረንሳዊ ላቮዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ያጸናውን ሕግ ይያዝ፤ ይኸውም ቁስ አካል በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ መልኩንና ባሕርዩን ይለውጣል እንጂ አዲስ አይፈጠርም፣ ያለውም አይጠፋምና፣ ከቀስቱ በስተግራ የተቈጠረው አቶም ሁሉ በስተቀኝም ሳይጐድል መገኘት አለበት የሚለው ነው።

ዚንክ በአየር ውስጥ ሲነድ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ይህም፦

ዚንክ + ኦክስጅን → ዚንክ ኦክሳይድ

ተብሎ ቢጻፍ ስሙ የቀና ቢሆንም ሒሳቡ ጐዶሎ ነው፤ የአየሩ ኦክስጅን ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ ተጣምሮ ሲኖር፣ ዚንክ ኦክሳይድ ግን ከአንድ ዚንክ ጋራ አንድ ኦክስጅን ብቻ ይይዛልና። ጀማሪ ተማሪ በውህዱ ውስጥ ሌላ ኦክስጅን ሊጨምር ይቃጣዋል፤ ዳሩ ግን እንዲህ ቢያደርግ ዚንክ ፐሮክሳይድ የተባለ ባሕርዩ ሌላ የሆነ ውህድ ጻፈ እንጂ ሚዛኑን አላቀናም። መፍትሔው በየስሙ ፊት ቍጥር ማኖር ነው፦

2 ዚንክ + 1 ኦክስጅን → 2 ዚንክ ኦክሳይድ

ሚዛንም ይህንኑ ይመሰክራል፤ 130.8 ግራም ዚንክ ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋራ ሲዋሐድ 162.8 ግራም ዚንክ ኦክሳይድ ይገኛል።

ዚንክ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲጨመር ደግሞ አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ ዚንክ ክሎራይድ ሁለት ክሎሪን ስለሚሻ፣ አሲዱም በአንድ ሞለኪውል አንድ ብቻ ስለሚሰጥ፣ እኩልታው እንዲህ ይጻፋል፦

1 ዚንክ + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 1 ዚንክ ክሎራይድ + 1 ሃይድሮጅን

በማንኪራ ጣራ ላይ ግን ውሃ ሦስተኛ ሆኖ ይገባል፦

2 ዚንክ + 1 ኦክስጅን + 2 ውሃ → 2 ዚንክ ሃይድሮክሳይድ

ይህ ዚንክ ሃይድሮክሳይድ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋራ እየተዋሐደ በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ግራጫ ቅርፊት ይሆናል፤ አዲስ ቆርቆሮ ውሎ አድሮ መደብዘዙም ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። ቆርቆሮው ተጭሮ ብረቱ ቢጋለጥ እንኳ፣ ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮን ለመስጠት የፈጠነ ስለ ሆነ፣ ራሱን ቤዛ አድርጎ ብረቱን ይጠብቃል፤ ልባጡ ተበልቶ ሲያልቅ ግን ቀዩ ዝገት ይጀምራል።

እንግዲህ ተማሪ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ የውህዶቹን ስምና ስሪት አጥርቶ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ስሪታቸውን ሳይነካ በየፊታቸው ቍጥር እያኖረ ሁለቱን ወገን ያስተካክል፤ በመጨረሻም አቶሞቹን አንድ በአንድ ይቍጠር፤ ሳይቈጥር ብዕሩን ያስቀመጠ ሰው እኩልታ ጻፈ አይባልምና።